ሦስተኛዋ እጅና የወገቤ ነገር

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

አባባ፣ እንደምን ከረሙ? ጤናዎ እንዴት ነው? እንቅልፍዎስ? ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ፣ የቀሩት ጥርሶችዎ ሁሉም በየቦታቸው አሉ ወይ? ስለ ወገብዎ ያልጠየቅኩት ረስቼው አይደለም፤ ዛሬ የመጣሁት ለእሱ ስለሆነ ወደ ኋላ አቆይቼው ነው። እማዬስ ጉንፋኑ ለቀቃት? ወንድሜ አዲሱን ሥራ ለመደው? አክስቴስ ከጎረቤቷ ጋር ታረቀች ወይስ ዛሬም በአጥር ላይ እየተገላመጡ ነው? እኔ ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ደህና ነኝ ስል ደግሞ እንደ ወትሮው ለደብዳቤ ወግ ያህል አይደለም፤ የምሬን ነው።

መቼም ይህ ደብዳቤ ሲነበብልዎት እርስዎ ሳሎን ውስጥ ለወገብ ይበጃል በሚሉት ጣውላዎ ላይ ተንጋለው፣ እጅዎን ሆድዎ ላይ አጣጥፈው፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ነው። አንባቢዋ ታናሽ እህቴ ናት። እህት ዓለም፣ እንደ ልማድሽ መስመር እየዘለልሽ እንዳታነቢ። አራት ገጽ ነው። አራተኛውን ገጽ ግን እስክነግርሽ ድረስ እንዳትከፍቺው፤ አጥፈሽ ጉልበትሽ ላይ አስቀምጪው። ሐሙስ ዕለት ጨዋታ ነበረን፤ ምን እንደሆንኩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

አባባ፣ ባለፈው በስልክ ወገቤን እየታከምኩ እንደሆነ፣ ተሽሎኝ ወደ መረብ ኳስ ልመለስ እንዳሰብኩ ስነግርዎት ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ? “ልጄ፣ የእኛ ዘር ወገብ ሸክላ ነው። ኳሱን እርሺው። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ!” አሉኝና ስልኩን ለእማዬ ሰጧት። እውነቱን ልንገርዎት፣ ከፍቶኝ ነበር። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጬ የሰው ነጥብ ስመዘግብ ኖሬ “እርሺው” ስባል እንባዬ መጣ። በኋላ ግን ንዴቴ በረደልኝና ጥያቄ ሆነብኝ። ወገባችን ሸክላ መሆኑን ማን ነገረን? መቼ ነው የተሰበረው? ማንስ አየው?

እንደሚያውቁት የምሠራው መጋረጃ መስፊያ ቤት ነው፤ ከቆራጮቹ አንዷ ነኝ። አለቃችንን “ሜትር” እንላታለን፣ ከጨርቁ አልፋ የምሳ እረፍታችንን ሁሉ ስለምትለካ። ከሥራ ስንወጣ ከሕንፃው ጀርባ መሬቱ በቀለም የተሰመረ ግቢ አለ፤ መረብ እንዘረጋና ከመንገዱ ማዶ ካሉት ዳቦ ጋጋሪዎች ጋር እንጫወታለን። እኔ ኋላ ነበር የምቆመው። እርስዎ እንዳስተማሩኝ፣ መሬት ሊነካ ስንዝር የቀረውን ኳስ ማንሳት ነበር ሥራዬ። አንድ ቀን እንዲህ ያለ ዝቅተኛ ኳስ አንስቼ ቀና ስል ወገቤ ቀጨም አደረገኝ። ከዚያ ወዲህ ያው ነው፤ ሲለው ይተወኛል፣ ሲለው ይመጣል። ቀበቶ አሰርኩ፣ ቅባት ጨረስኩ፣ ታሸሁ። ይባስ ብዬ አናጢ ዘንድ ሄጄ ለአልጋዬ ጣውላ አስቆረጥኩ። የእርስዎ ልጅ አይደለሁ!

በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። እግሬ ይደነዝዝ እንደሆነ፣ ሽንቴን መቆጣጠር ያቅተኝ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገ፤ ኤም አር አይ አስነሳኝ። ፎቶውን አይቶ በአጥንቶቹ መሐል ካሉት ትራሶች አንዱ ትንሽ ሳሳ ብሏል አለኝ። እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። እሱ ግን ምንም ሳይመስለው፣ በእኔ ዕድሜ ካሉት ብዙዎቹ ምንም የማያማቸው ሰዎች ሳይቀሩ ፎቶ ቢነሱ እንዲሁ ናቸው፣ ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው ነገር የለም አለ። ታዲያ እኔን ለይቶ ለምን ያመኛል ብዬ ጠየቅኩት። ይህን የምትመልስ ሰው አለችልኝ ብሎ ወረቀት ጽፎ ላከኝ።

ሴትዮዋ ፊዚዮቴራፒስት ናት። መርፌም ክኒንም የላትም፤ ያላት አንድ ፍራሽ፣ አንድ ዱላ፣ ጥቂት ላስቲክና የማያልቅ ጥያቄ ነው። እኔ በሆዴ “እመት ለምን” ብያታለሁ። በልጅነቴ “ለምን” ባልኩ ቁጥር “ለምንሽን ይዘሽ ወዲያ!” ይሉኝ ነበር፤ ይኸው በስተርጅና የምታስከነዳኝ አገኘሁ።

ገና በመጀመሪያው ቀን እስክሪብቶዋ ከጠረጴዛ ላይ ወደቀ። ያኔ የወደቀባት መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ጥላው ነው። ታነሺልኛለሽ ወይ አለችኝ። እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ቦርሳዬን ከፍቼ ሦስተኛዋን እጅ አወጣሁላት! አዎ፣ ለመንገዴ ብለው ከመሐል በማጠፊያ የሠሩልኝን፣ ከበር ፍሬም ትራፊ እንጨት የተላገችውን፣ በብስክሌት ፍሬን እጀታና በሽቦ ጣቷ የሚከፈተውን የሚዘጋውን። ቀጥ እንዳልኩ ዘረጋኋት፣ ፍሬኑን ጨመቅ አደረግኩ፣ እስክሪብቶዋን አንስቼ አቀረብኩ። ሴትዮዋ አፏን ከፍታ ቀረች። ተቀበለችኝና ራሷ ሞከረቻት፤ ቁልፍ አነሳች፣ ወረቀት አነሳች፣ የራሷን ጫማ አነሳች፣ ልጅ ሆነች። ማን እንደሠራት ስትጠይቀኝ አባቴ ናቸው አልኳት። እጃቸው የተባረከ ነው ብላለችና ይህን ይወቁልኝ።

ቀጥላ እስክሪብቶውን መልሳ ጣለችውና ያለሷ አንሺ አለችኝ። እግሬን ከፈት፣ ወገቤን ቀጥ፣ ግድግዳውን በግራ እጄ ጥርቅም አድርጌ ወረድኩ። ለምን ትንፋሽሽን ያዝሽ አለችኝ። መያዜንም አላውቅ! ለምን ግድግዳውን ጨበጥሽ አለችኝ። እንዳልወድቅ አልኳት። ወድቀሽ ታውቂያለሽ ወይ ስትለኝ ባስበው ባስበው አንድም ቀን ወድቄ አላውቅም። ታዲያ እንዲህ ማንሳት ማን አስተማረሽ አለችኝ።

አባባ፣ ቤታችን ታየኝ። በሩ አጠገብ የመቷቸው አምስት ምስማሮች፣ በአምስቱ ላይ የተንጠለጠሉት አምስት እጆች፤ የእርስዎ፣ የእማዬ፣ የወንድሜ፣ የእህቴ፣ የእኔ። እንግዳ መጥቶ ማንኪያ ቢወድቅበት ሁላችንም በአንድ አፍ “ተው፣ ጎንበስ እንዳትል!” ብለን የምንጮኸው ታየኝ። ሌላው ቤት ልጆችን የሚቆጧቸው ሲሮጡ፣ ሲያጠፉ ነው፤ እኛን የሚቆጡን ስናጎነብስ ነበር። እኔ ደግሞ የሰው ቤት ሁሉ እንዲህ ይመስለኝ ነበር።

እመት ለምን ማስታወሻ ደብተር ያዢ አለችኝ። መቼ እንዳመመኝ፣ ምን እያደረግኩ እንደነበር፣ ምን እያሰብኩ እንደነበር እንድጽፍ ነው። እንደ መርማሪ ሆንኩልዎት። ወገቤን ከኋላ ከኋላው እየተከተልኩ የሚሠራውን ሁሉ መጻፍ! ብዙ የሚገርም ነገር አገኘሁ። ሜትር ስትቆጣኝ፣ ቁጭ ባልኩበት፣ ምንም ሳላነሳ ያመኛል። ከጓደኞቼ ጋር በእግር ረጅም መንገድ ስሄድ አያመኝም። ጣውላው ላይ ካደርኩ ደግሞ ጠዋት እንደ ማገር ደርቄ ነው የምነሳው፤ ይቅርታ አባባ፣ ደብተሩ ነው እንዲህ ያለው፣ እኔ አይደለሁም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የቀለበቶቹ ቀን ነው። ረጅሟ ባልደረባችን፣ “አንቴና” የምንላት፣ የመጋረጃ ቀለበት የሞላ ካርቶን ይዛ ስትቻኮል ደረጃው አናት ላይ ደፋችው። ስምንት መቶ ቀለበት እየተንጫጫ እስከ ምድር ቤት! ሜትር ትጮሃለች፣ እኛ በሳቅ እንፈርሳለን፣ አንዷ “የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል” ትላለች። ሁላችንም ለቀማ ጀመርን። እኔም ከደረጃ ደረጃ እየወረድኩ፣ ሳህን በእጄ ይዤ፣ ከማሽን ሥር ሳይቀር እየገባሁ ለቀምኩ። ጨርሼ ወደ ላይ ስወጣ ነው የባነንኩት። ሩብ ሰዓት ሙሉ አጎንብሼ ነበር! ግድግዳ አልያዝኩ፣ ሦስተኛዋን እጄን አላወጣሁ፣ ወገቤም ትንፍሽ አላለም። አሁን ጉዱን ይስሙ፤ “እንዴ፣ አጎንብሼ ነበር እኮ!” ብዬ እንዳሰብኩ እዚያው ቆረጠመኝ።

ይህን ስነግራት እመት ለምን ከወንበሯ ልትዘል ደረሰች። ሕመምሽ ውሸት አይደለም፣ ያማል አለችኝ፤ ነገር ግን ድሮ አንድ ቀን የደረሰው ጉዳት ድኗል፣ አንጎልሽ ውስጥ ያለው ጠባቂ ብቻ እስካሁን ጥበቃውን አልተወም፤ ማጎንበስ ባሰብሽ ቁጥር ሌባ መጣ ብሎ ይጮሃል አለችኝ። እኔም በሆዴ እባብ ያየ በልጥ በረየ አልኩ። ወገቤ እባብ ያየው አንድ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ሲሸሽ የኖረው ከልጥ ነው።

ሕክምናው እንግዲህ ጠባቂውን ማለማመድ ሆነ። ተንጋልዬ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ መቀመጫዬን ማንሳት። በአራት እግሬ ሆኜ ጀርባዬን እንደ ድመት ማጉበጥና መልሶ ወደ ታች ማስረግ። ዱላ ጀርባዬ ላይ አጋድሜ ከዳሌዬ መታጠፍ። ደግሞ በቀን አሥር ጊዜ ቤቴ ውስጥ ሆን ብዬ ዕቃ ጥዬ፣ ትንፋሼን እያወጣሁ፣ ጀርባዬ እንደ ፈለገ እየጎበጠ ማንሳት ነበረብኝ። ካልሲ፣ ቁልፍ፣ ማንኪያ፣ መጽሐፍ ስጥል ከታች ያለችው ጎረቤቴ ምን እየፈረሰ ነው ብላ አንኳኳች። ነገሩን ስነግራት አብራኝ ጣለች። ከዚያ ሥራ ቦታ የጨርቅ ጥቅል ማንሳት ጀመርኩ፤ መጀመሪያ ስስ፣ ሦስት ኪሎ የምትሆን፤ እያደር ሰባት፣ በመጨረሻ አሥራ ሁለት ኪሎ ከፋይ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል።

ሁሉም አልጋ በአልጋ አልነበረም። በስድስተኛው ሳምንት “ድኛለሁ!” ብዬ ማንንም ሳልጠይቅ ግቢው ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ዘለልኩ። በማግሥቱ ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። ሁለት ቀን ጣውላዬ ላይ ተንጋልዬ፣ ሦስተኛዋን እጅ ከቁም ሳጥን አውጥቼ ደረቴ ላይ አድርጌ፣ አባባ ልክ ነበሩ እያልኩ አለቀስኩ። ለእርስዎ ደውዬ እንዳልነግርዎት ደግሞ አፈርኩ። በሦስተኛው ቀን እመት ለምን በስልክ ተነሺና እስከ በሩ ሂጂ አለችኝ። ሄድኩ። እስከ ደረጃው ሂጂ አለችኝ። እንዲህ እንዲህ እያለች መልሳ አቆመችኝ። አልተሰበርሽም፣ ቸኮልሽ እንጂ ነበር ያለችኝ።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልግባ። አባባ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ግቢያችን ውስጥ ገመድ ወጥረው ኳስ ያስተምሩኝ ነበር። እርስዎ ቆመው ነበር፣ እኔ ነበርኩ የምሮጠው። አንድ ቀን ኳሱ ተንከባልሎ እግርዎ ሥር ቆመ። አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ እኔን ጠርተው “ነይ አንሺልኝ” አሉኝ፤ ድምፅዎ ተለውጦ ነበር። እኔም አባቴ ጎንበስ ካሉ ይሞታሉ ብዬ አመንኩ። የመሥሪያ ቤትዎ የመረብ ኳስ ቡድን አምበል የነበሩት ሰው፣ በር ተሸክመው ሳሉ ባልደረባዎ ለቆብዎ ወገብዎ ተጎድቶ በአንድ ቀን ኳስ ማንሳት ትተው እንደቀሩ እማዬ የነገረችኝ ከዚያ በኋላ ነው። የዚያን ጊዜው ሐኪም ከእንግዲህ ጎንበስ እንዳትል ብሎዎት ነበር። ለስንት ጊዜ እንደሆነ ግን አልነገረዎትም፤ እርስዎም አልጠየቁት። ይኸው ሃያ ስድስት ዓመት።

የተቆጣሁ አይምሰልዎት። እነዚያን እጆች የሠሩት እኛን ወደው፣ የደረሰብዎ እንዳይደርስብን ብለው ነው። ያን ዕለት የፈራሁት ፍርሃት ግን እስከ ዘንድሮ ወገቤ ላይ ነበር። በዘር የወረስኩት እሱን ይመስለኛል፤ ወገቡንማ እመት ለምን ደህና ነው ብላለች። የእርስዎስ? እኔ ከዚህ ሆኜ አላውቅም። ባለፈው ወር ግን የጤና ጣቢያው ሐኪም በደንብ መርምሮ “የሚያሰጋ ነገር የለም፣ ይንቀሳቀሱ፣ ይጎንበሱ” እንዳለዎት እህቴ ነግራኛለች። እርስዎ ደግሞ “ለጋ ነው፣ ምን ያውቃል” ብለው ጣውላዎ ላይ ተመልሰዋል አሉ። አይ አባባ! የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመቱስ ሐኪም ለጋ አልነበረም?

እህት ዓለም፣ እዚህ ላይ አቁሚ። አባባን ከጣውላው አስነሺና ይቁም። አራተኛውን ገጽ እንደታጠፈ ውሰጂና አጭሯ በርጩማ ላይ አስቀምጪው። መሬት ላይ አይደለም፤ እመት ለምን የመጀመሪያው ቀን ከበርጩማ ይጀመር ብላለች። ከዚያ ዞር በይ። አንቺም፣ እማዬም፣ ወንድሜም እንዳታነሱት። ሦስተኛዋም እጅ ከምስማሯ እንዳትወርድ። ካልተነሳ እዚያው ይሰንብት፤ እኔ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ጠብቄያለሁ፣ ወረቀት አይቸኩልም። አባባ፣ ትንፋሽዎን አይያዙ። ያውጡት፤ ጉልበትዎን ላላ ያድርጉ፤ ጀርባዎ መጉበጥ ካማረው ይጉበጥ።

*

ይህ ገጽ እየተነበበ ከሆነ፣ እህቴ ካላጭበረበረች በቀር፣ አንስተውታል ማለት ነው። አባባዬ! ምነው እዚያ በሆንኩ! መነጽርዎን ያድርጉና ይህንን ራስዎ ያንብቡት። ትንሽ ቆርጠም አድርጎዎት ይሆናል፤ አይደንግጡ፣ የጠባቂው ጩኸት ነው። ነገም እዚያው በርጩማ ላይ አንድ ነገር ያስቀምጡና ያንሱ።

የሐሙሱን ልንገርዎት። ከዳቦ ጋጋሪዎቹ ጋር አንድ ለአንድ ሆነን ሦስተኛው ዙር ላይ ደረስን፣ አሥራ አራት ለአሥራ ሦስት ይመሩናል። አንዱ ጢማም ጋጋሪ አታልሎ ኳሷን ከመረቡ ሥር ጣል አደረጋት። ከእኔ ሦስት እርምጃ ትርቃለች። መሮጤን አላስታውስም፣ መውረዴን አላስታውስም። ትዝ የሚለኝ ጀርባዬ ጎብጦ፣ ጉልበቴ መሬት ሊነካ ሲል፣ ኳሷ ክንዴ ላይ ስታርፍ ነው። ወደ ላይ ነጠረች፣ አባባ! አንቴና ዘላ መታቻትና መረቡ ላይ ሰካቻት፤ ተሸነፍን። ሁሉም ራሳቸውን ይዘው ሲጮሁ እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እየሳቅኩ አለቀስኩ። ጓደኞቼ ወገቧ ነው ብለው ተንጋግተው መጡ። ምንም አልሆንኩም፣ የአባቴን ኳስ አንስቼ ነው አልኳቸው፤ አልገባቸውም። አርብ ጭኔ ተሳስሮ ደረጃ መውረድ አቃተኝ፣ ወገቤም ትንሽ አጉረመረመ፤ ዛሬ ግን ሁለቱም ዝም ብለዋል።

ሦስተኛዋን እጅ ደግሞ ጣለቻት ብለው እንዳያዝኑ። ሥራ ቦታ ወስጃታለሁ። ከላይኛው መደርደሪያ ክርና ቁልፍ የምናወርደው በእሷ ነው፤ ሜትር እንኳ ተሰልፋ ነው የምትዋሳት። ወደ ላይ ስትሆን የሚያህላት የለም።

እማዬን በሁለቱም ጉንጯ ይሳሙልኝ፤ ጉንፋኑ ካልለቀቃት ግንባሯን። ወንድሜን፣ አለቃህ ቢጮህብህም ትከሻህን አታንሳ፣ ወገብ ላይ ይወርዳል ይበሉት። አክስቴን፣ ከጎረቤትሽ ታረቂ፣ ቂም ለወገብ አይበጅም ብላለች ልጄ፣ ደብተሯ ላይ ተጽፏል ይበሏት። እህቴን ስለ ንባቧ እጅ ነስቻለሁ፤ ካጭበረበረች ግን ወዮላት።

መልሱን በራስዎ እጅ ይጻፉልኝ፣ አባባ፤ ለእህቴ አያስጽፉ። እስክሪብቶው ከእጅዎ ቢያመልጥና ቢወድቅ ማንንም አይጥሩ።

ልጅዎ፣ ኋላ ተከላካይዋ

ከሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛዬ
እሑድ፣ መጋቢት ፰ ቀን